ከሳልባጅ ሱቅ ስትመለስ

የተወደድህ ወንድሜ፣ ባለቤትህ ሳልባጅ ሱቅ ውላ ስትገባ «አትንኪኝ፣ በሽታ ይዘሽ መጣሽ» ብለሃት ታውቃለህ? የእከክ ተባይ ከሰው ገላ ከተለየ ከ2 ወይም ከ3 ቀን በላይ እምብዛም አይቆይም፤ ቦንዳው ደግሞ በባሕር ሳምንታት ተጉዞ ነው የሚመጣው። ይልቅስ የሚያስቸግራት አቧራው፣ ሻጋታውና ኪስ ውስጥ የተረሳው መርፌ ነው።

አንቺም እህቴ፣ ስትፈቺ ጓንት አድርጊ፣ አፍና አፍንጫሽን ሸፍኚ። እጅሽን በሳሙና ታጥበሽ፣ የሥራ ልብስሽን ቀይረሽ ልጅሽን እቀፊ። ሰው ሰሞኑን ለብሶት የነበረውን ልብስ በ60 ዲግሪ ውኃ እጠቢው።

በትዳራችን መጀመሪያ እኔም ቦንዳ ስፈታ ውዬ እገባ ነበር። ባለቤቴ ውኃ አሙቆ ይጠብቀኝ ነበር፤ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ወንድሜ፣ አንተስ ዛሬ ማታ?