«ኮሚኒቲ ነው እንዴ?»

ባለፈው ግንቦት አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ የምርቃት ድግስ ተጠርቼ ነበር። ክትፎው ቀርቦ ሰው ገና እጁን እየታጠበ፣ ከጎኔ የተቀመጠ ሰውዬ የእህቴን ልጅ «የት ነው የምትማሪው?» አላት። የኮሚኒቲ ኮሌጇን ስም ነገረችው። ሰውዬው ጉርሻውን አፉ ደጃፍ ላይ አቁሞ፣ «ውይ፣ ኮሚኒቲ ነው እንዴ?» አለ። ቀጥሎም ሊያጽናናት ፈልጎ፣ «ግድ የለም፣ ለጊዜው ነው» አላት። ለቅሶ ቤት የተቀመጥኩ መሰለኝ።

ይህቺን «እንዴ» በደንብ አውቃታለሁ። ከአገር ቤት ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር ጠቅልለን ያመጣናት ናት። አሥረኛ ክፍል ነጥብ ያልመጣለትን ልጅ «ቴክኒክና ሙያ ገባ» ስንል ድምፃችንን ዝቅ እናደርግ የነበረው በእሷ ምክንያት ነው። ቧንቧ ሲፈነዳ ሠራተኛውን ሦስት ቀን እንለምነዋለን፤ ልጃችን ቧንቧ ሠራተኛ ልሁን ሲለን ግን እንግዳ ፊት አናወጣውም። ያንን ሁሉ ሻንጣ የበረበረው ጉምሩክ ይህችን እንዴት እንዳሳለፋት ይገርመኛል።

ታዲያ እኔም ኮሚኒቲ ነኝ። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ፣ ቀን ታክሲ እየነዳሁ ማታ ማታ ሁለት ኮርስ ወሰድኩ፦ የላይብረሪ ጥናት፣ አንድ ክሬዲት፤ ማርኬቲንግ፣ ሦስት ክሬዲት። የእህቴ ልጅ ደግሞ የአትሌቲክ ትሬኒንግ መግቢያ ወሰደች። የሦስቱን ስም ስንናገር ያልሳቀ ሐበሻ አላጋጠመኝም። ነርሲንግ ብንል ኖሮ እልል ይባልልን ነበር። ነርስነትን አልነቅፍም፤ ግማሹ ዘመዴ ነርስ ነው፣ ሲያመኝም የምደውለው ለእነሱ ነው። ግን የአንድ ሕዝብ ልጅ በሙሉ ሌላ የሚችለው ነገር የለም?

እንናቀው ካልን እንኳ የምንንቀውን እንወቅ። የመጀመሪያው የሕዝብ ኮሚኒቲ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1901 ኢሊኖይ ውስጥ፣ ጆሊየት ላይ በስድስት ተማሪዎች ነው የተጀመረው። ፕሬዚዳንት ትሩማን ያቋቋሙት ኮሚሽን በ1947 እንዲህ ያሉ ኮሌጆች በየአካባቢው ይስፋፉ አለ። እዚሁ እኛ ሰፈር፣ የኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ አሌክሳንድሪያ ግቢ፣ ጂል ባይደን ኋይት ሃውስ እየኖሩ የጽሑፍ ትምህርት ያስተምሩ ነበር። ቀዳማዊት እመቤቷ ለማስተማር ያልተጠየፉትን ግቢ፣ የፓርኪንግ ትኬት ስንቆርጥ የኖርን ሰዎች ልጆቻችን ሊማሩበት ነው ብለን እናፍራለን።

«ጎግል እያለ ላይብረሪ ምን ያደርጋል?» ያለኝ ጓደኛዬ ነው፤ ታክሲ ተራ ላይ ዓለምን ሁሉ ከቲክቶክ የሚተነትን ሰው። የመጀመሪያው ምሽት ላይ መምህሯ፣ በዕድሜ ልጄ የምትሆን የላይብረሪ ባለሙያ፣ ርዕስ ምረጡ አለችን። «የኢትዮጵያ ቡና» ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። ማብቂያ የሌለው ዝርዝር መጣ፤ የቡና ሻጭ ማስታወቂያ፣ የምግብ አሠራር፣ የጉዞ ወሬ። አጠገቤ ወንበር ስባ ተቀመጠችና፣ «ከቡናው ምንድን ነው ማወቅ የፈለግከው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ሃያ ዓመት ስለ ቡና ስከራከር ኖሬ፣ ምን ማወቅ እንደምፈልግ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሐረጉን በትምህርተ ጥቅስ እንዳስረው፣ «የንግድ ምልክት» የሚለውን እንድጨምርበት፣ ዓመቱን እንድወስን፣ ከዚያም ኮሌጁ የሚከፍልበትን የጽሑፍ ማከማቻ እንድከፍት አሳየችኝ። ያ ሁሉ ዝርዝር ወርዶ ወርዶ በአንድ ምሽት የሚነበብ ሆነ።

ያነበብኩት አስቆጣኝ። በ2005 ኢትዮጵያ ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተች። ስታርባክስ ግን ከዚያ በፊት፣ «ሲዳሞ» የሚል ቃል ያለበትን ስም ለራሱ ለማስመዝገብ ማመልከቻ አስገብቶ ነበር። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበርም የኢትዮጵያን ጥያቄ ተቃወመ። ያ የስታርባክስ ሲዳሞ እዚህ አገር ፓውንዱ እስከ 26 ዶላር ይሸጥ ነበር። ክርክሩ በስምምነት ያለቀው በ2007 ነው። ልብ በሉ፣ ጠቡ የስም ነበር፤ ፍሬውን የኢትዮጵያ አይደለም ያለ አልነበረም። ስሙን የያዘ ዋጋውን ይይዛል፤ ይህ ደግሞ ማርኬቲንግ ነው፣ ያ «መሸጥ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል» ብለን የምንስቅበት ትምህርት።

ማርኬቲንግ ክፍል በ1960 ጀሮም ማካርቲ የጻፋቸውን አራት ነገሮች ተማርን፦ ምርት፣ ዋጋ፣ ቦታ፣ ማስተዋወቅ። የቤት ሥራው አንድ ሱቅ ሄዶ በእነዚህ መመዘን ነበር፤ እኔ የእኛን ሰው ምግብ ቤት መረጥኩ። ሜኑው ከማዶ ካለው ምግብ ቤት ሜኑ ጋር እስከ ፊደል ግድፈቱ አንድ ነው። ጎረቤቱ በአንድ ዶላር ሲያወርድ እሱም ያወርዳል። ባለቤቱን «ደንበኞችህ እነማን ናቸው?» ብለው «ሰው ነዋ!» አለኝ። ምሳ ሰዓት ላይ ከተቀመጡት አብዛኞቹ ግን ፈረንጆች ነበሩ፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድም የምግብ ማብራሪያ የለም። በዓመቱ ቤቱ ተዘጋ። «ቡዳ በላኝ» ይላል አሉ።

አሁን ወደ ልጅቷ። እህቴ የኮርሱን ስም ስትሰማ፣ «ወጌሻ ልትሆኚ ነው አሜሪካ ድረስ ያመጣሁሽ?» ነው ያለቻት። የአትሌቲክ ትሬነር ጂም ውስጥ ሰው የሚያሯሩጥ አሠልጣኝ አይደለም። የአሜሪካ የሐኪሞች ማኅበር በ1990 በጤና ሙያነት ዕውቅና የሰጠው ሥራ ነው። ጃንዋሪ 2 ቀን 2023 ሲንሲናቲ ላይ የቡፋሎው የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ዳማር ሃምሊን ጨዋታ ላይ ልቡ ቆሞ ሲወድቅ፣ ደረቱን መጫን የጀመረው የቡድኑ ረዳት አትሌቲክ ትሬነር ዴኒ ኬሊንግተን ነው። ሃምሊን ዛሬ በሕይወት አለ።

የእኛው ሰፈር ታሪክ ግን አላማረም። ሜይ 2018፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ አፍንጫ ሥር፣ ኮሌጅ ፓርክ፣ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል ተጫዋች ጆርዳን ማክኔር ልምምድ ላይ በሙቀት ተመትቶ ወደቀ። በረዶ ውኃ ውስጥ አላስገቡትም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሞተ፤ 19 ዓመቱ ነበር። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት በአደባባይ ኃላፊነቱን ወሰዱ። የእህቴ ልጅ ክፍሏ ውስጥ ገንዳ ሞልተው፣ በረዶ ገልብጠውበት፣ አንድ ጤነኛ ተማሪ እስከ ደረቱ አስገብተው ነው ያስተማሯት። ልጁ ጥርሱ ሲንገጫገጭ እሷ ሰዓት ይዛ ቆማለች። ሕጉ «መጀመሪያ አቀዝቅዝ፣ ከዚያ አጓጉዝ» ነው፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ። ማታ እቤት ስትነግረኝ እጇ ገና ቀይ ነበር። እኛ እኮ በየእሑዱ በጁላይ ፀሐይ ኳስ የምንጫወት፣ አርባና ሃምሳ ዓመት የሞላን ቦርጫሞች ነን! አንዳችን ብንወድቅ ሌሎቻችን ጥላ ሥር አስተኝተን በጋዜጣ እናራግባለን።

ለኮሌጁ ሰዎችም የያዝኩት አለ፤ ንቀቱ የእኛ ብቻ አይደለም። ልጅቷ ኮርሱን ስትመዘገብ የተማሪ አማካሪው «ጥሩ ምርጫ ነው» ብሎ ፈረመላት። ከ2022 መኸር ጀምሮ የባችለር ፕሮግራሞች አዲስ ተማሪ መቀበል እንዳቆሙ፣ ለሙያው ማስተርስ እንደሚያስፈልግ አንድ ቃል አልነገራትም። ሙሉ ቀጠሮው ስምንት ደቂቃ ነበር፤ እኔ ውጭ መኪና ውስጥ ሆኜ ቆጥሬዋለሁ። ልትዛወርበት ያመለከተችበት ዩኒቨርሲቲም የኮርሱን ሦስት ክሬዲት የትም የማይገባ ተመራጭ ኮርስ አድርጎ መዘገበላት። የመንግሥት ተጠያቂነት መሥሪያ ቤቱ፣ ጂኤኦ፣ በ2017 ባወጣው ሪፖርት ከ2004 እስከ 2009 ኮሌጅ የቀየሩ ተማሪዎች በአማካይ 43 በመቶ ክሬዲታቸውን እንዳጡ ገምቷል። ይህ ከድሃ ልጅ ኪስ የተወሰደ ገንዘብና ዕድሜ ነው። አማካሪውስ ለምን ይጨነቃል? ወላጅ መጥቶ አይጠይቀውም። የሐኪም ልጅ ቢሆን ኖሮ ቢሮው በጠበቃ ይጨናነቅ ነበር፤ እኛ ግን ያፈርንበትን ትምህርት ማን ደጅ ሄደን እንጠይቅለታለን? እኔ ራሴ ሄጄ አልጠየቅኩም። መኪና ውስጥ ተቀምጬ ደቂቃ ቆጠርኩ።

ኋላ መንገዱን ያገኘችው ራሷ ናት፤ ያችኑ የላይብረሪ ባለሙያ አስቸግራ የየዩኒቨርሲቲውን መስፈርት አንድ በአንድ አነበበች። ገና አራት ዓመት ከምናምን ይቀራታል። እስከዚያው እሑድ እሑድ ሜዳችን ዳር ትቆማለች። የልጆች መዋኛ ገንዳ ገዝታ መኪናዬ የኋላ ኮፈን ውስጥ ከታለች፤ ለመንገደኛ ሻንጣ የሚሆን ቦታ አጣሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ማታ እህቴ ደወለች። የሰው ነገር አንስታ፣ የሠርግ ወሬ አውርታ፣ ስትጨርስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፦ «ወንድም ጋሼ፣ ይሄ በረዶ በጅምላ የት ነው የሚሸጠው? አራት ከረጢት አይበቃም ብላኛለች።»