«ዝም በይ፣ እዚህ አይጠየቅም»

«ልጅ ይዞ ኢየሩሳሌም መሄድ ገንዘብ በትኖ መመለስ ነው» አለኝ ሰሞኑን አንድ ወዳጄ። ቡና እየጠጣን የጉዞ ወግ አንሥተን ነበር። «ምን ይገባቸዋል ብለህ ነው? ይደክማቸዋል፣ ይርባቸዋል፣ ያለቅሳሉ። እነርሱም ሳይገባቸው፣ አንተም ሳትጸልይ ትመለሳላችሁ። ሲያድጉ በራሳቸው ይሂዱ።» አጠገቡ የተቀመጡት፣ በዕድሜ የሚበልጡን ሰው ግን አልተስማሙም። «ልጅ መባረኩን እንጂ መረዳቱን ማን ጠየቀው? ይዞ ሄዶ አሳልሞ መምጣት ነው። ሲያድግ በልጅነቴ ተሳልሜያለሁ ይላል፤ ይበቃዋል» አሉ።

ሁለቱ ብዙ ተከራከሩ። እኔ ግን ልብ ብዬ ስሰማቸው በዋናው ነገር አንድ ሆነው አገኘኋቸው። ለአንደኛው ልጅ ቤት የሚቀመጥ ዕቃ ነው፤ ለሁለተኛው ተሸክመውት የሚዞሩት ዕቃ ነው። የሚያይ፣ የሚያስብ፣ የሚጠይቅ ሰው መሆኑን ሁለቱም አልቆጠሩትም። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለው ተረታችን ከማዕድ ቤት ተነሥቶ እስከ ጎልጎታ ድረስ ተከትሎን ሄዷል ማለት ነው።

ይህን ጽሑፍ የጻፍሁት ሁለቱንም ለመሞገት ነው። አስቀድሜ ግን ራሴን እከሳለሁ፤ እኔም በዚያች ከተማ የልጄን አፍ ዘግቻለሁና።

በ2011 ዓ.ም. የትንሣኤን በዓል ለማክበር ከባለቤቴ፣ ከስምንት ዓመት ሴት ልጃችንና ከአምስት ዓመት ወንድሟ ጋር ወደ ኢየሩሳሌም ተጓዝን። ገንዘቡን ያጠራቀምነው ለዓመታት ነው። ከብዙ ተሳላሚዎች ጋር በአንድ አውቶቡስ፣ በአንድ አስጎብኚ ስር ነበርን። ቀኑ በሰዓት ተሸንሽኖ ነበር፦ እዚህ ሃያ ደቂቃ፣ እዚያ ግማሽ ሰዓት፤ ወርዶ መሳለም፣ ፎቶ ግራፍ መነሣት፣ መሳፈር።

ቤተ ልሔም ደረስን። የልደት ቤተ ክርስቲያን መግቢያ «የትሕትና በር» ይባላል፤ ቁመቱ ከአንድ ሜትር ከሃያ ሳንቲ ሜትር እምብዛም አይበልጥም። ጥንት ሰፊና ረጅም የነበረው ደጃፍ በየዘመኑ በድንጋይ እየተሞላ ጠብቦ የቀረ ነው፤ የቀድሞው ቅስት ቅርጽ ዛሬም ከግንቡ ላይ ይታያል። እኛ ትልልቆቹ ወገባችንን ሰብረን ስንገባ የአምስት ዓመቱ ልጄ ቀጥ ብሎ ገባ። ከወዲያ ማዶ ቆሞም «አባዬ፣ ይህን በር ለልጆች ነው የሠሩት?» ብሎ ጠየቀኝ። አስጎብኚው ሰዓቱን እያየ ነበርና «ኋላ እነግርሃለሁ» አልኩት። ኋላም አልነገርኩትም።

በማግሥቱ በጎልጎታ፣ በቅዱስ መቃብሩ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆምን። ከዋናው በር በላይ፣ ከመስኮቱ ስር አንዲት ትንሽ የእንጨት መሰላል አለች። ልጁ አየና «መሰላሉን ማን ረሳው?» አለ። ሰዎች ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ፤ መልስ ግን አልሰጠሁትም። እውነቱን ለመናገር ግን በዚያ ቀን ከጠየቅነው ሁሉ የተሻለው ጥያቄ የእርሱ ነበር። መሰላሏን ማንም አልረሳትም፤ ማንም ሊያነሣት አይደፍርም እንጂ። የኦቶማን ሡልጣን እ.ኤ.አ. በ1852 ባጸደቀው ድንጋጌ መሠረት በዚያ ሕንፃ ውስጥ የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ይዞታ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ እንደነበረ እንዲቆይ ተወስኗል። ስለዚህ ያለ ሁሉም ስምምነት አንዲት መሰላል እንኳ ከስፍራዋ አትነቃነቅም። የዋናው በር ቁልፍም ለዘመናት በሁለት የሙስሊም ቤተ ሰቦች እጅ የኖረ ነው። የአምስት ዓመት ልጅ ጣቱን የቀሰረው በዚህ ሁሉ ታሪክ ላይ ነበር። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» የምንለው እኛ፤ ከሥሩ የጠየቀው ግን እርሱ።

ከዚያ ወደ ዴር ሱልጣን ወጣን። አንባቢ ሆይ፣ ያልሄድህ እንደሆነ ልንገርህ፦ የእኛ መነኮሳት የሚኖሩት በቅዱስ መቃብሩ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ነው። ከግቢው መካከል ያለው ጉልላት ከታች ላለው የቅድስት ዕሌኒ ጸሎት ቤት ብርሃን የሚገባበት ነው። ዙሪያውን ትንንሽ ጎጆ መሰል ክፍሎች ተደርድረዋል። ወደ ታችኛው አደባባይ የሚወርደው መንገድ በሁለት ጸሎት ቤቶች ውስጥ ያልፋል፤ አንዱ የአርባዕቱ እንስሳ፣ ሁለተኛው የቅዱስ ሚካኤል ነው። ንግሥተ ሳባ በሰሎሞን ፊት የቆመችበት ትልቁ ሥዕልም እዚያው ይገኛል።

አስጎብኚው በሥዕሉ ፊት ቆሞ «ከንግሥተ ሳባ ጀምሮ ርስታችን ነው። ግብጾች ሊነጥቁን ይፈልጋሉ። የዚህን በር ቁልፍ የያዝነው በትግል ነው» ብሎ አስረዳ። ተሳላሚው በእልልታ መለሰ። ልጄ ልብሴን ሳብ አደረገችኝ።

«አባዬ፣ ግብጾቹ ክርስቲያን አይደሉም እንዴ?»

«ናቸው።»

«እንደኛ ይጾማሉ?»

«ይጾማሉ።»

«ታዲያ ለምንድን ነው ቁልፍ የሚቀማሙት?»

ሰዎች ዘወር ብለው አዩን። ፊቴ ጋለ። ጎንበስ ብዬ «ዝም በይ፣ እዚህ እንዲህ አይጠየቅም» አልኳት። ከአንዱ ክፍል ደጃፍ ተቀምጠው የነበሩ አንድ አረጋዊ መነኩሴ ሰምተውን ኖሯል፤ «ተዋት ልጄ፣ ትጠይቅ። ጥያቄዋ ትክክል ነው» አሉኝ። መልሳቸውን ቆሜ መስማት ይገባኝ ነበር። አስጎብኚው ጠራን፤ ሄድን።

ለምን ዝም አሰኘኋት? ለቦታው ክብር ስል ነው ብዬ ለረጅም ጊዜ ራሴን አታልያለሁ። እውነቱ ግን መልሱን ስለፈራሁት ነው። መልሱ እነሆ፦ በዚያ ጣሪያ ላይ ኢትዮጵያውያን ለብዙ መቶ ዓመታት ኖረዋል፤ ብዙ መከራም ተቀብለዋል። እ.ኤ.አ. በ1838 በወረርሽኝ መነኮሳቱ አልቀው መጻሕፍታቸው ተቃጥለዋል፤ ከዚያም ወዲህ ቁልፉ በግብጻውያን እጅ ቆየ። ይህን ሁሉ ለልጆቻችን እንነግራለን፤ መልካም። የማንነግራቸው የሚከተለውን ነው፦ በ1962 ዓ.ም. በትንሣኤ ሌሊት፣ ግብጻውያኑ ከታች በጸሎት ላይ ሳሉ፣ የእኛ ሰዎች በእስራኤል ፖሊስ ጥበቃ የበሮቹን መዝጊያ ቁልፍ ለወጡ። በ1963 ዓ.ም. የእስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቁልፉ ለግብጻውያን እንዲመለስ ፈረደ፤ የባለቤትነቱን ክርክር የመወሰን ሥልጣን ግን ለመንግሥት ተወ፤ ቁልፉም ሳይመለስ ቀረ። እኛ ከመሄዳችን ስድስት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ በጥቅምት 2011 ዓ.ም.፣ የጸሎት ቤቱን እድሳት ተቃውመው በር ላይ የቆሙ የግብጽ መነኮሳትን ፖሊስ በኃይል ጎትቶ አነሣቸው። እነዚህ የማን ወንድሞች ናቸው? ወደ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት ገደማ ጳጳስ የላኩልን፣ በ1951 ዓ.ም. የራሳችን ፓትርያርክ እስኪሾም ድረስ በአንድ መንበር ስር አብረውን የኖሩት ናቸው።

ይህን ስል ርስታችንን አሳልፌ እየሰጠሁ ነው የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። ኢትዮጵያዊው መነኩሴ በዚያ ጣሪያ ላይ ብርዱንና ድህነቱን ችሎ የጠበቀውን ቦታ እኔ በአንድ ጽሑፍ አልጥለውም፤ የይዞታ መብታችን እውነተኛ ነው ብዬም አምናለሁ። ነገር ግን እውነት ያለው ሰው ግማሹን ታሪክ ከልጁ አይደብቅም። የተደበቀው ግማሽ አንድ ቀን ከሌላ ሰው አፍ ይሰማል፤ ያን ጊዜ ልጁ የሚጠራጠረው አባቱንና አባቱ ያስተማረውን ሁሉ ነው።

«ልጅ በተቀደሰ ቦታ ዝምታን ይማር» የሚሉም አሉ። እኔም ጩኸት ይፈቀድ አላልኩም፤ ቅዳሴ ሲቀደስ ጸጥ ማለትን ልጆቻችን ይማሩ። ዝም ማለትና ዝም መባል ግን ይለያያሉ። የመጀመሪያው የሚያከብር ልብ ፍሬ ነው፤ ሁለተኛው የሚያፍር አባት ትእዛዝ ነው።

ደግሞስ ይህን ሁሉ ያደረግሁት በየት ከተማ ነው? እኛ ሰሙነ ሕማማትን ስናሳልፍ አይሁድ ፋሲካቸውን ያከብሩ ነበር። በበዓሉ መግቢያ ምሽት በየቤቱ ማዕድ ሲቀርብ፣ ይህ ሌሊት ከሌሎች ሌሊቶች በምን እንደሚለይ የሚጠይቀው ከቤቱ ሁሉ ታናሹ ልጅ ነው። ትረካው የሚቀጥለው ከጥያቄው በኋላ ነው። ኦሪትም ልጆች ስለ በዓሉ ትርጉም እንደሚጠይቁ አስቀድማ አስባ ለወላጆች መልስ አዘጋጅታለች። ወንጌልን ያነበበ ደግሞ ያስታውሳል፦ በዚያችው ከተማ፣ በዚያው በዓል፣ አንድ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከወላጆቹ ተለይቶ ቀርቶ በሦስተኛው ቀን ተገኘ። የተገኘው በመቅደስ፣ በሊቃውንት መካከል ተቀምጦ ሲያዳምጥና ሲጠይቅ ነው። ከሊቃውንቱ አንድ ስንኳ «ዝም በል» እንዳለው አልተጻፈም። ያን ያልኩት እኔ ነኝ፤ የእርሱን መቃብር ልሳለም ሄጄ።

በቀዳም ሥዑር ምሽት በጣሪያው ላይ ካህናቱ በከበሮና በዝማሬ ጉልላቱን ሲዞሩ ልጆቼ ጧፍ ይዘው ቆመው ነበር። ትንሹ በእናቱ ትከሻ ላይ አንቀላፋ። ትልቋ እስከ መጨረሻው ነቅታ አየች። አንድም ጥያቄ አልጠየቀችም። እኔም ያን ጊዜ «ሥርዓት ገባት» ብዬ ተደሰትሁ።

ዛሬ አድጋለች። ትምህርቷን ትጠይቀኛለች፤ ስለ እምነት ግን አትጠይቀኝም። ባለፈው ዐቢይ ጾም አንድ ምሽት አስቀምጬ የቁልፉን ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ የእኛንም የእነርሱንም፣ ነገርኳት። እስክጨርስ አዳመጠችኝ። ከዚያ «ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልነገርከኝም?» አለችኝ። ለዓመታት የጠበቅሁት ጥያቄ ነበርና ደስታና ኀፍረት ተቀላቀለብኝ። «ስለፈራሁ» አልኳት። ሌላ መልስ አልነበረኝም።

ስለዚህ ለወዳጄም፣ ለታላቃችንም የምለው ይህ ነው፦ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሃያ ቦታ ሩጣችሁ ከመሳለም ሦስት ቦታ ተቀመጡ። ፎቶ ግራፉ ይቅር፤ ጥያቄው አይቅር። የማታውቁትን «አላውቅም» በሏቸው፤ የምታፍሩበትንም እያፈራችሁ ንገሯቸው። የትሕትናው በር እኛን ያጎነብሰናል፤ ልጆቻችን ግን ቀጥ ብለው ይገባሉ። ከወዲያ ማዶ ሆነው ሲጠይቁን «ኋላ» አንበላቸው።

ቸር ይግጠመን።