በደሞዛችን ቴምብር አንግዛ፣ የእናቶቻችንን ሳጥን ግን እንይ

የዛሬው ትንሽ ይረዝማል፤ ሥራ አልቆ ማዳም ስትተኛ አንብቡት።

ሰሞኑን በየኢንቦክሳችን የሚዞር አንድ የድምፅ መልእክት አለ። «የዓለም ብርቅዬ ቴምብሮች በርካሽ! ዛሬ በ3,000 ሪያል የገዛሽው ከሁለት ዓመት በኋላ እጥፍ ያወጣል፤ ገዢ ካጣሽ እኛው መልሰን እንወስደዋለን» ይላል። ሦስት ልጆች ልከውልኝ «አንቺ ቴምብር ታውቂያለሽ፣ ምን ትያለሽ?» አሉኝ። አንዷ የእቁብ ዕጣዋ በዚህ ወር ይደርሳታል። ለእሷ ለብቻዋ ነግሬያታለሁ፤ ለሌሎቻችሁ ግን እዚህ ልበለው፦ በደሞዛችሁ ቴምብር አትግዙ።

«ታውቂያለሽ» ያሉኝ ሊቅ ሆኜ አይደለም። እዚህ ሪያድ የምሠራበት ቤት ያሉት ባባ ከቢር ቴምብር ሰብሳቢ ናቸው። አልበሞቹ ያሉበትን ክፍል የማጸዳው እኔ ነኝ። የኢትዮጵያው ገጽ ላይ ሲደርሱ ፊደሉን እንዳነብላቸው ይጠሩኛል። ማጉያ መስታወታቸውን ይዘው «ይሄ ምን ይላል?» ይሉኛል፤ እኔ ሳነብላቸው እሳቸው ታሪኩን ይነግሩኛል። እንዲህ እያልን አምስት ዓመት ሆነን።

በመጀመሪያ ስለዚያ «እጥፍ ያወጣል» ስለሚለው ነገር። ይሄ አዲስ ዘዴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1920 ቦስተን ከተማ ቻርልስ ፖንዚ የሚባል ሰው በ45 ቀን 50 በመቶ ትርፍ እሰጣለሁ ብሎ የሕዝብ ገንዘብ ሰበሰበ። ንግድህ ምንድን ነው ሲሉት፣ በአንዱ አገር በርካሽ ገዝቼ በሌላው አገር በቴምብር የምለውጠው የፖስታ ኩፖን ነው አለ። ኩፖኑ በእርግጥ ነበረ፤ ንግዱ ግን አልነበረም። ቀድመው የገቡትን የሚከፍላቸው ዘግይተው ከገቡት በተቀበለው ገንዘብ ነበር።

ደግሞ እ.ኤ.አ. ሜይ 9 ቀን 2006 የስፔን ፖሊስ ፎረም ፊላቴሊኮ እና አፊንሳ የሚባሉ ሁለት የቴምብር ኩባንያዎችን ገብቶ ፈተሸ። እነዚህ ለሰው ቴምብር ይሸጡና «ከባንክ የተሻለ ወለድ ጨምረን መልሰን እንገዛዋለን» ይሉ ነበር። ልክ እንደኛው የድምፅ መልእክት! ቴምብሩ ሲገመት ከተሸጠበት ዋጋ እጅግ የወረደ ሆነ። ከ400 ሺህ በላይ ሰው ገንዘቡ እዚያ ውስጥ ነበር፤ ብዙዎቹ ጥቂት ጥቂት እያሉ ያጠራቀሙ ሰዎች፣ ጡረተኞችም ነበሩበት። የኩባንያዎቹ አለቆች ከዓመታት በኋላ በፍርድ ቤት ተፈርዶባቸዋል። ለተጎጂው ግን ዘግይቷል። ስለዚህ «መልሰን እንወስደዋለን» የሚለውን ቃል እንደ ዋስትና አትስሙት። እኔ ጆሮዬ የሚቆመው እሱን ስሰማ ነው።

ታዲያ ቴምብር ዋጋ የለውም ማለቴ ነው? ኧረ በፍጹም! እ.ኤ.አ. በ1856 ብሪቲሽ ጉያና ውስጥ የታተመች፣ በዓለም ላይ አንድ ብቻ የምትታወቅ የአንድ ሳንቲም ቴምብር አለች። በ2014 ወደ 9.5 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች። ይሄንን ነው ሻጮቹ የሚያወሩላችሁ። የማይነግሯችሁ ግን ያቺው ቴምብር በ2021 እንደገና ጨረታ ወጥታ በ8.3 ሚሊዮን መሸጧን ነው። የዓለም ስመ ጥሯ ቴምብር በሰባት ዓመት ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ወረደች። ሀብታም ይችለዋል፤ እኛ በ1,000 ሪያል ደሞዝ የምንኖረው ግን ምናችንን ይዘን እንችለዋለን?

«ዋጋቸው ገና ያልታወቀ ቴምብሮች አሉ» የሚለው ንግግራቸው እንኳ ሐሰት አይደለም። አሉ። የቻይናን ስሙ። እ.ኤ.አ. በ1980 የዝንጀሮ ዓመት ብለው ቀይ መደብ ላይ ዝንጀሮ ያለበት ቴምብር አወጡ። ፖስታ ቤት የተሸጠው በ8 ፌን ነው፤ ፌን ማለት የሳንቲም ያህል ነው። ኋላ አንዷ ከ1,000 ዶላር በላይ እስከ ማውጣት ደርሳ ነበር። ምን ተአምር መጣ? ቻይናዎች ሀብታም ሆኑ፣ የገዛ አገራቸውን ቴምብር መፈለግ ጀመሩ። ባባ ከቢር ሁልጊዜ የሚሉኝ ይሄንን ነው፤ ቴምብርን የሚያስወድደው ዕድሜው ሳይሆን ፈላጊው ነው፣ ፈላጊው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የአገሩ ሰው ነው።

የኛን እንየው። የኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች እ.ኤ.አ. በ1894 በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወጡ። ሰባት ናቸው፤ በአራቱ ላይ የንጉሡ ምስል፣ በሦስቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ አለ። ቅርጹን ያወጣው ኤዠን ሙሾን የሚባል ፈረንሳዊ ነው፤ የታተሙትም ፓሪስ ነው። 130 ዓመት አለፋቸው! ግን ሰባቱን ያልተላከባቸውን ከአንድ ወር ደሞዛችን እጅግ ባነሰ ዋጋ ማግኘት ይቻላል። ብዙዎቹ ደብዳቤ ላይ ሳይለጠፉ አውሮፓ ሰብሳቢዎች እጅ ስለገቡ ዛሬም እንደ ልብ ናቸው። «የምኒልክ ዘመን ነው፣ ስለዚህ ውድ ነው» የሚላችሁን ሰው ከዚህ ላይ እወቁት።

ብርቁ ሌላ ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1908 ነው። ከዚያ በፊት የኛ ቴምብር ከድንበር ወዲያ አይታወቅም ነበርና፣ ከሐረር ወደ አውሮፓ የሚሄድ ደብዳቤ የኛም የጅቡቲም ቴምብር ተለጥፎበት ይወጣ ነበር። ሁለቱም ቴምብር፣ የሁለቱም አገር ማኅተም ያለበት ሙሉ ፖስታ ሲገኝ ሰብሳቢ ይሻማበታል። እንግዲህ ልብ በሉ፣ የተወደደው ወረቀቱ፣ ማኅተሙና የሄደበት መንገድ አንድ ላይ ሆነው ነው።

ከ1901 ጀምሮ ደግሞ በነዚያው በፊተኞቹ ቴምብሮች ላይ በእጅ ማኅተም ቃል ይመቱባቸው ነበር። አንዱ «ቦስታ» ይላል። መጀመሪያ ሳነበው ሳቄ መጣ፤ አያቴ ድሮ እንዲያ ነበር የምትለው። እነዚህ ከተራዎቹ ይወደዳሉ፤ ችግሩ ግን የእጅ ማኅተም ነው። ርካሹን ቴምብር ገዝቶ፣ ማኅተም አስቀርጾ፣ ቀለም ነክሮ ቧ ማድረግ ማንን ያቅተዋል? ሐሰተኛው ብዙ ነው። የሳውዲም እንደዚሁ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1916 የጀመረው የሒጃዝ ቴምብር ላይ ኋላ የተመቱት ጽሑፎች በሐሰተኛ የታወቁ ናቸው። ባባ ከቢር ስንት ዘመን ሰብስበው፣ አሁንም አዲስ ሲገዙ የባለሙያ ማረጋገጫ ወረቀት ካልመጣ ገንዘብ አያወጡም። በኢንቦክስ ፎቶ አይታ 3,000 ሪያል የምትልክ ልጅ ምን አይታ ነው የምታምነው?

ሌላም አለ። ባጥሃ ወርቅ ቤት ስትገቢ የዕለቱ ዋጋ ይነገርሻል፣ ሚዛን ላይ ያስቀምጥልሻል፣ ፋቱራ ይሰጥሻል። ስትሸጪ የሠራተኛውን እጅ ዋጋ ታጫለሽ፤ ቢሆንም የግራሙን ታገኛለሽ፣ በዚያው ቀን። ቴምብር ሚዛን የለውም። ካታሎግ ላይ የተጻፈው ዋጋ ነጋዴው የሚሸጥበት እንጂ ካንቺ የሚገዛበት አይደለም። በጨረታ ቢሸጥ አጫራቹ የራሱን ይቆርጣል፤ አድራሻና የባንክ ሒሳብም ይጠይቃል። አድራሻችን የከፊሉ ቤት የሆነ ልጆች መሆናችንን አንርሳ።

ከሁሉ የሚያስፈራኝን ልንገራችሁ። ወርቅሽ ሻንጣ ውስጥ ቢገኝ ፋቱራውን ታሳያለሽ። ባሮጌ ቤት፣ አባወራው ወይ አያትየው ቴምብር በሚሰበስብበት ቤት የምትሠራ ልጅ ሻንጣዋ ውስጥ አሮጌ ቴምብር ቢገኝስ? «ከኢንቦክስ ገዛሁ» ብትል ማን ያምናታል? ባንድ ቀን ስሟም ሥራዋም ሊሄድ ይችላል። እኔ ባባ ከቢር ደስ ብሏቸው አንድ ተራ ቴምብር ሊሰጡኝ ሲሉ «ከፈለጉ ማዳም ባለችበት ይስጡኝ» ብያቸዋለሁ። ሳቁ፣ ግን ገባቸው። እንደዚያው አደረጉ።

አንዳንዶቻችሁ «የኛ ቴምብርም አንድ ቀን እንደ ቻይናው ይወደዳል» ትሉኛላችሁ። እኔም ይመስለኛል። ሐበሻ ገንዘብ ሲይዝ የራሱን ታሪክ ይፈልጋል፤ የድሮ ብርና የድሮ መስቀል ሲፈልግ እያየነው ነው። ግን መቼ? የቻይናው ስንት አሥር ዓመት ነው የጠበቀው። እስከዚያ የወንድምሽን የትምህርት ቤት ክፍያ ቴምብሩ አይከፍልልሽም። ትርፍ ገንዘብ ያላት፣ ቢጠፋም የማይከፋት፣ እያየች ደስ የሚላት ሴት ትግዛ፤ አላሾፍም፣ ደስ የሚል ነገር ነው። ለአገር ቤት የሚላከው ደሞዝ ግን ለዚህ አይሆንም።

ገንዘብ ሳታወጡ ማድረግ የምትችሉት አለ። የቤተሰባችሁን ሳጥን አስፈትሹ። ድሮ ደብዳቤ በፖስታ ሣጥን ቁጥር ነበር የሚመጣው፤ በትምህርት ቤቱ፣ በመሥሪያ ቤቱ ሣጥን። አያቶቻችሁ ሐረር፣ ድሬዳዋ፣ ጎንደር፣ ደሴ የነገዱ ካሉ፣ አባቶቻችሁ ወታደር ወይም አስተማሪ ከነበሩ፣ የታሰረ ደብዳቤ አይጠፋም። አብዛኛው በገንዘብ ብዙ አያወጣም፤ አስቀድሜ ልንገራችሁ። የጣሊያን ዘመን ወይም ከዚያ በፊት የሆነ፣ የትንሽ ከተማ ማኅተም በደንብ የሚነበብበት ሙሉ ፖስታ ከተገኘ ግን ለጎረቤት ልጅ በሃምሳ ብር አይሰጥ።

እናቶቻችሁን እንዲህ በሏቸው፦ ቴምብሩን ከፖስታው አትላጡ፣ ውሃ አታስነኩ፣ በፕላስተር አትለጥፉ፤ በደረቅ ወረቀት ጠቅልላችሁ ከእርጥበት አርቁት። ከዚያ ፎቶውን በፊትም በጀርባም አስነሡና ላኩልን። እኔ ዋጋ አልተምንም፣ አልገዛም፤ ፊደሉንና ማኅተሙን አንብቤ የየት አገር፣ የመቼ መሆኑን ያወቅሁትን ያህል እነግራችኋለሁ። የሚጠቅም ከመሰለኝ አዲስ አበባ ዋናው ፖስታ ቤት ዘንድ የፖስታ ሙዚየም አለ፤ እዚያ ሄዶ የሚያሳይ ሰው ፈልጉ። ፎቶውን ስትለጥፉ የደብዳቤውን ውስጡን አታሳዩ፣ ስምና አድራሻውንም ሸፍኑት።