የተቋጠረ ኮድ መፍታት የሌባ ሙያ አይደለም

ሪቨርስ ኢንጂነሪንግ የሚባለውን ሙያ ሐበሻ መሐል ስታነሱት መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ "ሶፍትዌር ክራክ ታደርጋለህ ማለት ነው?" የሚል ነው። ፎቶሾፕ በነፃ፣ ጌም በነፃ። ሙያው ለዚህም ይውላል፣ አልክድም። ግን ይህ ሙያ ባይኖር ኖሮ እዚህ ለንደን የምንኖር ኢትዮጵያውያን ኮምፒውተራችን ውስጥ ማን ገብቶ እንደነበር እስከ ዛሬ አናውቅም ነበር።

ጉዳዩን የምታስታውሱት ታስታውሳላችሁ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2013 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ሶፍትዌር የግንቦት 7 ሰዎችን ፎቶ ማጥመጃ አድርጎ ሲሰራጭ እንደነበር፣ የሚታዘዝበት ሰርቨርም በኢትዮ ቴሌኮም ኔትወርክ ላይ እንደተገኘ ይፋ አደረገ። በየካቲት 2014 ፕራይቬሲ ኢንተርናሽናል እዚሁ ለንደን የሚኖርን አንድ ኢትዮጵያዊ ስደተኛ ወክሎ ለብሪታንያ የሳይበር ወንጀል መርማሪዎች አቤቱታ አስገባ። በዚያው ወር ኪዳኔ በሚል የብዕር ስም የቀረበ የሜሪላንድ ነዋሪ የኢትዮጵያን መንግሥት አሜሪካ ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ የስካይፕ ንግግሩ ሳይቀር ተቀድቶበት ነበር። ሶፍትዌሩን ይሸጥ የነበረው ጋማ ኢንተርናሽናል ደግሞ መቀመጫው ሃምፕሻየር፣ አንዶቨር ነበር። ከዋተርሉ ጣቢያ በባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው።

ታዲያ እንዴት ታወቀ? ፕሮግራሙ ማንም እንዳያነበው ተብሎ የተሠራ ነበር። በ2012 የባህሬን ተቃዋሚዎች በኢሜይል የተላከላቸውን ፋይል ሲመረምሩ የነበሩ ተመራማሪዎች፣ ፕሮግራሙ ሥራ ሲጀምር በኮምፒውተሩ ሜሞሪ ውስጥ "ፊንስፓይ" የሚል ስም ያለበት የፋይል አድራሻ አገኙ። ሠሪዎቹ ሳያጠፉት የቀረ ነገር ነው። ዕድል ይባላል።

ሁልጊዜ ግን እንዲህ ያለ ዕድል አይገኝም። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በመስከረም 2020 ይፋ ያደረገው የፊንስፓይ የማክ ቅጂ ኦብፈስኬተር-ኤልኤልቪኤም በሚባል፣ ማንም በነፃ ሊያወርደው በሚችል መሣሪያ የተወሳሰበ ነበር። መሣሪያውን ከ2010 ጀምሮ የሠሩት በስዊዘርላንድ የኢቨርዶን ከተማ ተመራማሪዎች ናቸው፤ ሐሳባቸው ሶፍትዌርን ከስርቆት መጠበቅ ነበር። ድሮ እንዲህ ያለው ቋጠሮ የሚታሰረው ፕሮግራሙ ካለቀ በኋላ ከላይ ነው። እዚህ ግን ኮምፓይለሩ ራሱ ያስረዋል፤ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ ሲተረጉም እግረ መንገዱን ያወሳስበዋል።

መታወቂያ ለማሳደስ ቀበሌ የተመላለሰ ሰው ይህ በቀላሉ ይገባዋል። ጤነኛ ፕሮግራም ከመስኮት 1 ወደ 2፣ ከዚያ ወደ 3 ይሄዳል። የተቋጠረው ግን ከእያንዳንዱ መስኮት በኋላ ወደ መግቢያው ይመለሳል፤ እዚያ የተቀመጠው ሰውዬ በእጃችሁ ያለውን ቁጥር አይቶ "አሁን 7 ሂዱ" ይላችኋል፣ ከ7 ስትመለሱ "ቀጥሎ 4"። ከውጭ ለሚያይ ሰው ሁሉም መስኮት ከሁሉም ጋር የተገናኘ ይመስላል፣ ቅደም ተከተሉ ጠፍቷል። በዚያ ላይ ማንም የማይገባባቸው የውሸት በሮች ይጨመራሉ። ድምር እንኳን ይደበቃል፦ 3 ሲደመር 5 ከማለት የሁለቱን ኤክስኦር ይወስዳል፣ 6 ነው፤ የኤንዳቸውን እጥፍ ይጨምርበታል፣ 2 ነው፤ ያው 8 ሆነ። ሰምና ወርቅ ነው የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። አይደለም። የቅኔ ሰም ለራሱ ትርጉም አለው፤ ይሄኛው ሰም ቆሻሻ ነው።

መፍታቱ ትዕግሥት እንጂ አስማት አይፈልግም። መጀመሪያ መግቢያው ላይ ያለው ሰውዬ የሚያየው ቁጥር የት እንደሚቀመጥ ይፈለጋል። ከዚያ በየመስኮቱ መጨረሻ ያ ቁጥር ስንት እንደሚሆን ይሰላል። ይህ ሲምቦሊክ ኤክሲኪውሽን የሚባለው ዘዴ ነው፤ ፕሮግራሙን በቁጥር ሳይሆን እንደ አልጀብራ በፊደል ማስኬድ ማለት ነው። መልሱ ሲገኝ መስኮቶቹ በቀጥታ እርስ በርስ ይገናኛሉ፣ ሰውዬው ከሥራ ይሰናበታል። የፈረንሳዩ ኳርክስላብ ይህን በ2014 ሚያዝም በተባለ ነፃ መሣሪያ ደረጃ በደረጃ አሳይቷል። የዊንዶውሱ ፊንስፓይ ከዚህም ይብሳል፣ የራሱን ምናባዊ ማሽን ይዞ ነበር የሚመጣው፤ እሱንም የስሎቫኪያው ኢሴትና ማይክሮሶፍት በ2018 መጀመሪያ ላይ ፈትተው አፈታቱን ለሁሉም አሳተሙ።

ተቃውሞው ይገባኛል፤ የባንክ አፕ ከሚሠሩ ወዳጆቼ እሰማዋለሁ። መፍቻውን ካሳተማችሁት ሌባውም ያነበዋል፣ ሰላዩም ቋጠሮውን ያጠብቃል ይላሉ። ማጥበቁስ እውነት ነው፤ ካስፐርስኪ በ2021 የመረመረው ፊንስፓይ በአራት ድርብ የታሰረ ነበር። ነገር ግን አንድ ባንክ ምስጢራዊ ቁልፉን አፑ ውስጥ ሸሽጎ በቋጠሮ ከተማመነ ጥፋቱ የፈታው ሰው አይደለም። ቋጠሮ ሰውን ያዘገያል እንጂ አያስቀርም። ሰላይ የሚሸጥ ድርጅት የእኛን ጽሑፍ ሳይጠብቅም ቋጠሮውን ይቀያይራል፣ ገንዘብ አለውና። መፍቻው ሲደበቅ የሚጎዳው ገንዘብ የሌለው ወገን ነው።

ሕጉም ብዙ አያግዝም። የ1988ቱ የብሪታንያ የቅጂ መብት ሕግ ፕሮግራምን መልሶ መፍታት የሚፈቅደው ከሌላ ፕሮግራም ጋር ለማናበብ ነው፤ ለደኅንነት ምርመራ ብሎ በስም አላስቀመጠም። (መቼም ሰላይ ሸያጩ "ኮዴን አነበበብኝ" ብሎ የተሰለለውን ሰው ሲከስ ማየት ደስ ይለኝ ነበር።) የኪዳኔ ክስ በአሜሪካ በ2017 ይግባኝ ላይ ወደቀ፤ ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ አልተፈጸመም ተባለ። እዚህ ግን ለንደን ውስጥ የሚኖሩ ሁለት የባህሬን ተቃዋሚዎች ላፕቶፓችን ላይ ፊንስፓይ ተጭኖብናል ብለው ከሰው፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2023፣ ይግባኝ ሰሚው በ2024 ባህሬን ያለመከሰስ መብት የላትም ብለዋል። እንዲህ ያለ ክስ ያለ ባለሙያ ምርመራ አንድ እርምጃ አይራመድም። "ኮምፒውተሬ እንግዳ ጠባይ አሳየኝ" ዳኛ ፊት ማስረጃ አይሆንም።

ያ ጊዜ አለፈ፣ መንግሥትም ተለወጠ ትሉኝ ይሆናል። ፊንፊሸርም ራሱ በ2022 ከስሯል። ገበያው ግን አልከሰረም። ፊንስፓይ ሲጋለጥ የጣሊያኑ ሃኪንግ ቲም፣ እሱ ሲጋለጥ የእስራኤሉ ሳይበርቢት መጣ፤ የኋለኛው በውሸት የአዶቤ ፍላሽ ማሻሻያ ስም ውጭ አገር ያሉ የኦሮሞ ተቃዋሚዎችን ሲያጠምድ እንደነበር በታኅሣሥ 2017 ታውቋል።

የሚቆጨኝ ሌላ ነው። የተጠመድነው እኛ፣ ኮዱን ያነበቡልን ቶሮንቶና ብራቲስላቫ ያሉ ሰዎች። እናመሰግናለን። ግን በዚህ ከተማ ባንክና ስታርትአፕ ውስጥ የሚሠራው የሐበሻ ኢንጂነር ስንት ነው? ሁላችንም የተማርነው መገንባት ነው። እኔ ማስተርሴን ስሠራ መፍታት የሁለት ሳምንት ምርጫ ትምህርት ነበር፣ ብዙው ሰው ክላውድ መረጠ።

ዘንድሮ ከአራት ልጆች ጋር በየቅዳሜው መቀመጥ ጀምረናል። ሃያ መስመር የሲ ፕሮግራም እንጽፋለን፣ በኦብፈስኬተር-ኤልኤልቪኤም እንቋጥረዋለን፣ ተለዋውጠን እንፈታለን። የመግቢያውን ሰውዬ ማግኘት ለመድን። የውሸት በሮቹ ላይ ሦስተኛ ሳምንታችንን ይዘናል፤ መምጣት የሚፈልግ ላፕቶፕና ትዕግሥት ይዞ ይምጣ፣ ቡናው ከእኛ።