እድሩ ከአዋጁ ቀድሟል

የሠራተኛ ማኅበር ታሪክ ክፍል ውስጥ ሲነሳ ከአዋጅ ይጀምራል። በ1954 ዓ.ም. ድንጋጌው ወጣ፣ በ1955 የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተቋቋመ፣ በ1956 አዋጅ ቁጥር 210 ታወጀ፣ አለቀ! ይህን ብቻ የሰማ ተማሪ መብቱ ከቤተ መንግሥት በችሮታ የተሰጠ ሊመስለው ይችላል። እኔ በዚህ አልስማማም።

ውድ አንባቢያን፣ እኛ የመሰላና የጭሮ ልጆች ለዚህ ታሪክ ሩቅ አይደለንም። በ1895 ድሬዳዋ የደረሰው የባቡር ሐዲድ በ1909 አዲስ አበባ የገባው በእኛው በሚኤሶ በኩል ነው። የምድር ባቡር ሠራተኞች ስለ ማኅበር የሚናገር ሕግ ሳይኖር በ1939 ገደማ ተደራጅተው ነበር። ሥራ ሲያቆሙ ግን መንግሥት በኃይል መታቸው። "አድማ" የሚለው ቃል ራሱ ሴራ ማለትም እኮ ነው! አድመኛ የተባለ ሰው የሚፈራው ከሥራ መባረርን ብቻ አልነበረም።

ታዲያ ሌላው ሠራተኛ ምን አደረገ? እድር ገባ። የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ በ1946 ስኳር ማምረት በጀመረባት ወንጂ ሠራተኛው የተሰባሰበው በእድር ነው። እድርን ማን ይከለክላል? ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ የአባላት መዝገብና የወር መዋጮ አለው። የሠራተኛ ማኅበርስ ከዚህ ሌላ ምን ያስፈልገዋል? የአንድነት ማኅበሩ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት አብርሃም መኮንን ከወንጂ መሆናቸው አጋጣሚ አይመስለኝም። በየካቲት ማብቂያ 1966 አገር ያንቀጠቀጠውን የአራት ቀን የሥራ ማቆም አድማ የጠራውም ይኸው ማኅበር ነው።

የ1956ቱ አዋጅ ማኅበር ለማቋቋም 50 ሠራተኛ ይጠይቅ ነበር። ዛሬ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሥር ይበቃል። ጥሩ ነው፣ ግን ጭሮ ላይ ጫት የሚያስሩና የሚጭኑ ልጆችን "አሠሪያችሁ ማነው?" ብላችሁ ጠይቋቸው። ዛሬ ለአንዱ ነጋዴ፣ ነገ ለሌላው ነው የሚሠሩት። ወገቡ የተጎዳ ወጣት ማንን ይከሳል? ሕጉ የሚያውቀው ድርጅትን ነው፣ እነሱ ደግሞ ድርጅት የላቸውም።

በእኛ አገር ግን አፎሻ አለ። የሠራተኛ ጉዳይ ባለሙያም ሆነ የኢሠማኮ ሰው ጭሮ ሲመጣ አሠሪ ፍለጋ ከሚንከራተት መጀመሪያ የአፎሻውን መዝገብ ቢያስከፍት ይሻለዋል። ስሙም መዋጮውም እዚያ ተጽፏል።