የደንበኛ ዋጋ

ሀዋሳ ፒያሳ መድኃኒት ቤት አይቸግርም። የሚቸግረው ወደ የትኛው ገብቶ በስንት መውጣት እንደሚሻል ማወቁ ነው። ኩፖን ቆርጦ የሚመጣ ገዢም ሆነ ነጥብ የሚያጠራቅም ካርድ እዚህ እምብዛም አይታይም። ያለው ደንበኝነት ነው። ሻጩ ፊት ካወቀ ከሂሳቡ ላይ ጥቂት ብር ይተዋል፤ ወሩ ከተጋመሰ ደግሞ «ደመወዝ ሲገባ ታመጪዋለሽ» ብሎ ደብተሩ ላይ ያሰፍራል። ለብዙ ቤተሰብ ይህ ዱቤ ከየትኛውም ካርድ ይበልጣል።

ችግሩ ወዲህ ነው፤ ዱቤ ያለበት ሰው ሌላ ቤት ገብቶ ዋጋ አይጠይቅም። ያፍራል።

አንዲት እናት የደም ግፊት ማዘዣ ይዘው ባንኮኒው ጋ ይቆማሉ እንበል። ወረቀቱ ላይ ያለው አምሎዲፒን ነው፣ ባለ 5 ሚሊ ግራም፣ የ1 ወር። «እናቴ፣ የአውሮፓው አለ፣ የህንዱም አለ፤ የትኛው ይሁንልዎ?» ይላል ፋርማሲስቱ። «እኔ ምን አውቄ ዶክተር፣ የሚያሽለኝን ስጠኝ እንጂ» ይላሉ። እንዲህ ያለ መልስ የሰጠ ሰው ብዙውን ጊዜ ይዞ የሚወጣው ውዱን ነው። ሻጩ አታለላቸው ማለት አይደለም፤ «ውድ ከሆነ ጥሩ ነው» የሚለው እምነት የራሳቸው የገዢዎቹ ነው።

አምሎዲፒንን «ኖርቫስክ» በሚል የንግድ ስም ለዓለም ያስተዋወቀው ፋይዘር ነው። የባለቤትነት መብቱ አሜሪካ ውስጥ በ2007 እ.ኤ.አ. ካበቃ ወዲህ ያንኑ ንጥረ ነገር በርካታ ፋብሪካዎች ያመርቱታል። የስኳር መድኃኒቱ ሜትፎርሚንም እንዲሁ ነው፤ «ግሉኮፋጅ» አንድ ድርጅት የሰጠው የንግድ ስም እንጂ ሌላ መድኃኒት አይደለም። አንድ መድኃኒት በሕጋዊ መንገድ ገበያ የሚገባው በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሲመዘገብ ነው። ስለዚህ ከተመዘገቡት መካከል ርካሹን መምረጥ ስስት ሊባል አይገባም። ዕድሜ ልክ ለሚዋጥ ኪኒን በየወሩ የሚተርፈው ልዩነት ከየትኛውም የደንበኛ ቅናሽ ይልቃል።

ርካሽ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። በኮንትሮባንድ ገብቶ ያልተመዘገበውም ርካሽ ነው፤ የት እንደተመረተና በምን ሙቀት እንደተጓዘ ግን የሚያውቅ የለም። ስትሪፕ በመቀስ አስቆርጦ መግዛትም ጣጣ አለው። ማለቂያ ቀኑ የሚታተመው አብዛኛውን ጊዜ በጠርዙ ላይ ነውና፣ የተቆረጠው ቁራጭ ፖስታ ውስጥ ገብቶ «ጠዋት 1፣ ማታ 1» ተብሎ ሲሰጥ ቀኑ ከሻጩ ጋር ይቀራል። ሳይቆረጥ በፊት ማየት ወይም በስልክ ፎቶ ማንሳት ምንም አያስወጣም። ከሁሉም የከፋው ቁጠባ ደግሞ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ግማሹን ብቻ ገዝቶ ሲሻል ማቋረጥ ነው፤ ሕመሙ ያገረሽና ገንዘቡ ሁለቴ ይወጣል።

ሀዋሳ የሐይቅ ከተማ ናት፤ ወባ ክረምት ሲወጣ ይበረታል። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የወባ ምርመራና ሕክምና ያለ ክፍያ የሚሰጥ አገልግሎት ነው። የሳንባ ነቀርሳና የኤችአይቪ መድኃኒት፣ የቤተሰብ ምጣኔና ክትባትም እንዲሁ። ሆኖም ወረፋው የሰለቸው ሰው በነፃ ያገኘው የነበረውን ከኪሱ አውጥቶ ይገዛል። ቀኑን ለወረፋ መስጠት የማይችል የቀን ሠራተኛ ላይ መፍረድ ይከብዳል። ጊዜ ያለው ግን ጤና ጣቢያውን ቢያስቀድም ይሻለዋል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም አለ። በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀምሮ ነው ወደ ሌሎች አካባቢዎች የሰፋው። አባላቱ ደጋግመው የሚያሰሙት አቤቱታ አንድ ነው፤ ካርዱ አለ፣ መድኃኒቱ የለም፣ «ከውጭ ግዙ» ይባላሉ። ያኔ ከግል መድኃኒት ቤት በፊት የሆስፒታል ማኅበረሰብ መድኃኒት ቤትን፣ በሌሎች ከተሞች ደግሞ የቀይ መስቀልን፣ አዲስ አበባ ከሆነ የከነማ መድኃኒት ቤትን መጠየቅ ብልህነት ነው።

ነጥብና ስጦታ በሞላበት አገርም ነገሩ ቀላል አልሆነም። አሜሪካ ውስጥ ሲቪኤስ የተባለው የመድኃኒት ቤቶች ድርጅት የታማኝ ደንበኛ ካርዱን በ2001 እ.ኤ.አ. ጀመረ፤ ሻምፑና ሳሙና ላይ ብዙ ሰው ተጠቅሞበታል። ማዘዣ ላይ ሲደርስ ግን ሕግ ይገባል። ሌላው የመድኃኒት ቤቶች ድርጅት ዎልግሪንስ በመንግሥት መድን የሚታከሙ ሰዎችን ማዘዣቸውን ወደ እሱ እንዲያዛውሩ በስጦታ ካርድ አባብሏል ተብሎ ተከሶ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. ጉዳዩን በ7.9 ሚሊዮን ዶላር ክፍያ ዘግቷል። ሕጉ ልክ ነው። በሽተኛ መድኃኒት የሚገዛበትን ቤት በስጦታ ተማርኮ መምረጥ የለበትም።

እኛ ጋ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ ከውጭ የሚገባ መድኃኒት የሚገዛበት ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ተነስቶ ከ100 ብር አልፏል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ፊት ታይቶ የሚቀነስ 10 ብር ብዙ ርቀት አያስኬድም። የፒያሳ ባለመድኃኒት ቤቶች ቢያንስ የግፊት፣ የስኳርና የአስም መድኃኒቶችን ዋጋ፣ ውዱንም ርካሹንም ጎን ለጎን ጽፈው በር ላይ ይለጥፉ። ሐኪሞችም የመድኃኒቱን ትክክለኛ ስም በሚነበብ ጽሑፍ ይጻፉልን።