የጆርጂያው ቆጣሪ «የለም» ባለ ጊዜ

የአገራችን ሰው «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይላል። በቅሎ ትልቅ ሀብት ናት። ጭብጦ ግን ለአንድ መንገደኛ ስንቅ የምትሆን ቁራሽ ነገር ናት። ታዲያ በቅሎውን ተፈርዶበት ያጣው ሰው ተክዞም ቢሆን ሲተኛ፣ ጭብጦውን በጉልበት የተቀማው ዕንቅልፍ አጥቶ የሚያድረው ለምንድን ነው? የመጀመሪያው የተረታው በዳኛ ፊት ስለሆነ ነው። ሁለተኛው ግን ተደፈረ። ሰው መሸነፍን ይችለዋል፤ መደፈርን አይችለውም።

ምርጫም ከዚህ የተለየ አይደለም። ላሸነፈ ሰው ቆጠራው ትክክል መሆኑን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ሳይነግሩትም ያምናል። ማስረጃ የሚያስፈልገው ለተሸናፊው ነው። ተሸናፊው ወደ ቤቱ ሲገባ «በፍርድ ነው የሄደችብኝ» ሊል ካልቻለ፣ ያ ምርጫ የቱንም ያህል ሰልፍ ቢታይበት ምርጫ አይባልም።

ይህን ያነሳነው ስለ ጆርጂያ ልንጽፍ ስለፈለግን ነው። የስታሊን አገር ስለሆነችው ጆርጂያ አይደለም የምናወራው። የምንለው አትላንታ የምትገኝባትን፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ የተወለዱባትን የአሜሪካ ክፍለ ግዛት ነው። አንባቢያችን «ለእኛ ምናችን ነው?» ካለ፣ ብዙዎቻችን እዚያ ዘመድ አለን። በአትላንታና በጎረቤቷ በክላርክስተን ታክሲ የሚነዳ፣ ሱቅ የከፈተ፣ ዜግነት ወስዶ ድምፅ የሚሰጥ ወገን አለን። ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ከሱዳንና ከእስራኤል መሪዎች ጋር በስልክ እየተነጋገሩ፣ ግብፅ የሕዳሴ ግድባችንን ልታፈነዳው እንደምትችል በጋዜጠኞች ፊት የተናገሩት ኦክቶበር 23 ቀን 2020 ነበር (እዚህ ዘመኑን የምንቆጥረው እንደ ፈረንጆቹ ነው)። ምርጫው ሊደረግ 11 ቀን ሲቀረው መሆኑ ነው። እንግዲህ የዚያ ምርጫ ነገር እኛንም ይመለከተን ነበር።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ አሠራሩን እናስቀድም። አሜሪካኖች ፕሬዚዳንታቸውን የሚመርጡት የአገሩን ድምፅ በሙሉ በአንድ ቋት ደምረው አይደለም። ክፍለ ግዛቶቹ እንደየሕዝባቸው ብዛት የተደለደሉ 538 ወኪል መራጮች አሏቸው። 270 ያገኘ ቤተ መንግሥት ይገባል። ከሁለት ክፍለ ግዛቶች በስተቀር፣ በአንድ ድምፅም ቢሆን የበለጠ ሰው የዚያን ክፍለ ግዛት ወኪሎች ጠቅልሎ ይወስዳል። ካሊፎርኒያ የማን እንደሆነች ሳይመረጥም ይታወቃል፤ አላባማም እንዲሁ። ጠቡ ያለው ወዲያና ወዲህ በሚወላውሉት ጥቂቶቹ ዘንድ ነው። በ2020 ጆ ባይደን በአገር አቀፍ ደረጃ በ7 ሚሊዮን ድምፅ በለጡ። ይሁን እንጂ በጆርጂያ፣ በአሪዞናና በዊስኮንሲን የበለጡበት ድምፅ አንድ ላይ ቢደመር 43 ሺህ እንኳ አይሞላም። እነዚህ ሦስቱ ወደ ሌላው ቢያጋድሉ ኖሮ ውጤቱ 269 ለ269 ሆኖ ይቆም ነበር። የአንድ ትልቅ አገር ዕጣ በአንድ ስታዲየም ሕዝብ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው።

ጆርጂያ 16 ወኪል መራጮች አሏት። ከ1992 የቢል ክሊንተን ድል ወዲህ ለዴሞክራት ዕጩ ሰጥታ አታውቅም ነበር። በ2020 ገዥው ብራያን ኬምፕ ሪፐብሊካን ናቸው፤ ሁለቱም ምክር ቤቶች የሪፐብሊካን ናቸው፤ ምርጫውን በበላይነት የሚመሩት የክፍለ ግዛቱ ጸሐፊ ብራድ ራፈንስፐርገርም ሪፐብሊካን ናቸው። በ2018 ለዚህ ሥልጣን ሲወዳደሩ የድጋፍ ቃል የሰጧቸው ሌላ ሰው አይደሉም፤ ትራምፕ ራሳቸው ናቸው። እንግዲህ አስቡት! ኮሮጆው ያለው በወዳጅ እጅ ነው። በእኛ ሰፈር ቋንቋ «ያለቀለት ነገር» ነው የሚባለው።

አላለቀለትም። አምስት ሚሊዮን ያህል ድምፅ ተሰጥቶ ባይደን 49.5 በመቶ፣ ትራምፕ 49.2 በመቶ ሆኑ። መጀመሪያ በመሣሪያ ተቆጠረ። ልዩነቱ ጠባብ ስለሆነ እያንዳንዱ ወረቀት እንደገና በእጅ ተቆጠረ። የትራምፕ ወገን በሕግ መብቱ ነውና ይደገም ሲል፣ ለሦስተኛ ጊዜ በመሣሪያ ተቆጠረ። በእጅ ሲቆጠር ፍሎይድ በሚባለው ካውንቲ ሳይቆጠሩ የቀሩ 2,600 ያህል ወረቀቶች ተገኙ። አብዛኛው የትራምፕ ነበር። ደበቁት? አልደበቁትም፤ ደመሩለት። ኖቬምበር 20 የጸደቀው ልዩነት 12,670 ነበር። በሦስተኛው ቆጠራ ወደ 11,779 ወረደ። እሱንም እንዳለ ጻፉት። ባይደንን ለመጥቀም የተጎነጎነ ሴራ ቢሆን ኖሮ፣ በቆጠሩ ቁጥር የባይደንን ብልጫ የሚቀንስ ምን ዓይነት ሴረኛ ነው?

ከዚያ በኋላ የሆነውን ዓለም በሙሉ ሰምቶታል። ጃንዋሪ 2 ቀን 2021፣ ቅዳሜ፣ ፕሬዚዳንቱ ለራፈንስፐርገር ስልክ ደወሉ። ንግግሩ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። ተቀድቶም በማግሥቱ አደባባይ ወጣ። ፕሬዚዳንቱ ለመኑ፣ ተቆጡ፣ ወንጀል ሊሆንብህ ይችላል እያሉም አስጠነቀቁ። የጠየቁት 11,780 ድምፅ እንዲገኝላቸው ነበር። ከጎደላቸው አንድ ብቻ የሚበልጥ! ገበያ ወርዶ ሒሳቡን በሳንቲም አስልቶ የሚገዛ ሰው ይመስላሉ። ጸሐፊው የመለሱት አጭር ነው፤ የያዙት መረጃ የተሳሳተ ነው፣ የእኛ ቁጥር ትክክል ነው አሏቸው።

ልብ እንበል። ደዋዩ የዓለም ኃያል ሰው ናቸው፤ የራሳቸው ፓርቲ መሪ ናቸው፤ ትናንት ደግፈዋቸዋል። ተደዋዩ ደግሞ ለትራምፕ ድምፅ የሰጡ ሰው ናቸው። እኛ ዘንድ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚባል ክፉ ተረት አለ። ራፈንስፐርገር በዚህ ተረት ቢመሩ ኖሮ ያን ዕለት የሚበላው ማዕድ ተዘርግቶላቸው ነበር። አልበሉም። ዋጋ ግን ከፈሉ፤ ዛቻው እስከ ባለቤታቸው ድረስ ደረሰ። ትራምፕም በ2022 የፓርቲው ቅድመ ምርጫ ተቀናቃኝ አቆሙባቸው። የፓርቲያቸው መራጭ ግን መልሶ መረጣቸው። ይህን እዚህ ላይ አስምሩበት፤ «እውነት የተናገረ ሹም እንጀራውን ያጣል» የሚለው ፍርሃት ሁልጊዜ ትክክል አይደለም።

ይህ ሲባል ግን ጆርጂያን ገነት፣ ሹማምንቷን መላእክት ልናደርግ አይደለም። ያንን የሚያደርግ የፈረንጅ ነገር ሁሉ ወርቅ የሚመስለው ሰው ብቻ ነው። በ2018 ብራያን ኬምፕ ለገዥነት ሲወዳደሩ፣ የዚያው ምርጫ የበላይ ኃላፊ የነበሩት ራሳቸው ኬምፕ ናቸው! ዳኛውም ተጫዋቹም አንድ ሰው። ከሥልጣኑ የለቀቁት ምርጫው ካለፈ በሁለተኛው ቀን ነው። ተቀናቃኛቸው ስቴሲ ኤብራምስ ወደ 55 ሺህ በሚጠጋ ድምፅ ሲሸነፉ፣ ኬምፕ ገዥ መሆናቸውን አውቃለሁ፣ ምርጫው ግን ፍትሐዊ ነበር አልልም አሉ። ማን ይፈርድባቸዋል? ቆጠራው ምንም ያህል ንጹሕ ቢሆን፣ ዳኛው ከተጫወተ ተሸናፊው «በፍርድ ሄደችብኝ» ሊል አይችልም።

ከ2020 በኋላም ጆርጂያ የማያኮራ ነገር ሠርታለች። በማርች 2021 ከወጣው አዲስ የምርጫ ሕግ ውስጥ አንዱ አንቀጽ የክፍለ ግዛቱን ጸሐፊ ከምርጫ ቦርዱ ሰብሳቢነት አነሳ። «የለም» ያሉት ሰውዬ መሆናቸው ነው! ያው ሕግ ከምርጫ ጣቢያው ሕንፃ በ150 ጫማ ርቀት ውስጥ ለተሰለፈ መራጭ ውሃና ምግብ ማደልን ከለከለ። የተጠማን ማጠጣት በደል ሆነ ማለት ነው። በፉልተን ካውንቲ ሲቆጥሩ ያደሩ እናትና ልጅ፣ ድምፅ ሰርቃችኋል ተብሎ ስማቸው በዓለም ላይ ጠፋ፤ በዛቻ ብዛት ከቤት እስከ መሸሽ ደረሱ። በዲሴምበር 2023 አንድ የፌዴራል ችሎት ዳኞች ስማቸውን ያጠፉት ሩዲ ጁሊያኒ 148 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍሏቸው ወሰኑ። ካሣው ይበል ያሰኛል። ግን የተሰበረ ልብ በዶላር ይጠገናል?

እንግዲህ ጆርጂያን ያዳናት ምንድን ነው? የአንድ ሰው ጀግንነት ነው ብለን ብንተወው የዋህነት ይሆንብናል። ያ ሰው ቢንበረከክስ ኖሮ? እዚህ ላይ ነው ቁም ነገሩ። ቆጠራው የተካሄደው በአንድ ቢሮ ውስጥ ሳይሆን በ159 ካውንቲዎች ነው። በየቦታው የሁለቱም ወገን ታዛቢ ቆሟል። ድምፁ በመሣሪያ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በወረቀት ላይ ተቀምጧል፤ ስለዚህ የሚጠራጠር ሰው «እንደገና ቁጠር» ማለት ይችላል። ቅር ያለው ደግሞ የሚከስበት ፍርድ ቤት አለ። ራፈንስፐርገር እሺ ቢሉ እንኳ ያን 11,780 ከየት ያመጡታል? «የለም» ያሉት እውነትም ስለሌለ ነው። ደፋር ሰው ያስፈልጋል፤ ደፋሩ ግን የሚደገፍበት ግድግዳ ከሌለው እሱም ይወድቃል።

ለዚህ ሁሉ ማረጋገጫው የመጣው በ2024 ነው። ከምርጫው በፊት የክፍለ ግዛቱ ምርጫ ቦርድ አዳዲስ ደንቦችን አወጣ፤ ከነዚህ አንዱ ወረቀቶቹ በየጣቢያው በእጅ ይቆጠሩ የሚል ነበር። በዋዜማው፣ በኦክቶበር፣ ዳኞች አገዷቸው። ከዚያ ሕዝቡ መረጠ። በዚያው ሰውዬ የበላይነት፣ በዚያው አሠራር ተቆጠረ። ትራምፕ በ115 ሺህ ድምፅ አሸነፉ! በ2020 «ተሸንፈዋል» ብሎ የጻፈው እጅ በ2024 «አሸንፈዋል» ብሎ ጻፈ። ካመላ ሃሪስም በማግሥቱ ሽንፈታቸውን ተቀበሉ፤ ድምፅ ፈልጉልኝ ብለው አልደወሉም። በዚያ ስልክና በተያያዙ ጉዳዮች በ2023 በፉልተን ካውንቲ በትራምፕና በ18 ሰዎች ላይ የተመሠረተው ክስም በኖቬምበር 2025 ተዘጋ። ይህ ለብዙው ሰው መራራ ነው። ድምፅ ይገኝልኝ ያለው ሰው ሳይጠየቅ ቀረ፣ በሕዝብ ድምፅም ተመልሶ ነገሠ።

እኛ ግን እንዲህ እንላለን፤ መረን የለቀቀን ሹም መጠየቅ የዐቃቤ ሕግና የፍርድ ቤት ሥራ ነው፤ እነሱ ካልቻሉ ጉድለቱ የእነሱ ነው። የቆጣሪ ሥራ ግን ጥሩውን ሰው ማንገሥ አይደለም። የተሰጠውን መቁጠር ነው። ቆጣሪ የሚመዘነው የሚወደው ሰው ሲያሸንፍ አይደለም፤ የሚጠላው ሲያሸንፍ፣ ወይም የሚፈራው ሲሸነፍ ነው። የጆርጂያ ቆጣሪዎች በአራት ዓመት ውስጥ ሁለቱንም ፈተና አለፉ።

ወደ ቤታችን እንመለስ። በ1997 ግንቦት 7 ቀን በየጣቢያው ከንጋት ጀምሮ የተሰለፈውን ሕዝብ አንባቢያችን ያስታውሳል። ከዚያ በኋላ የሆነውንም ያስታውሳል። አሥር ዓመት ቆይቶ በ2007 ገዥው ፓርቲና አጋሮቹ የምክር ቤቱን ወንበር አንድም ሳያስቀሩ ወሰዱ። እዚያ 49.5 ለ49.2፤ እዚህ መቶ በመቶ! ሕዝባችን በሐሳብ ሳይለያይ ቀርቶ ነው? በአንድ ግቢ ውስጥ የሚኖሩ ሁለት ወንድማማቾች በማይስማሙበት አገር?

ሕዝባችን ፍትሐዊ ቆጠራ ምን እንደሆነ ፈረንጅ እንዲያስተምረው አይፈልግም። ዕቁብ ሲጣል ዕጣው የሚወጣው በሁሉም ዓይን ፊት ነው። የዕቁቡ ሰብሳቢ የራሱን ስም ያለበትን ወረቀት በጓዳ ሄዶ ቢያወጣ ማን ዝም ይለዋል? በጥቂት መቶ ብር ላይ የምንጠይቀውን በአገር ላይ ስንጠይቅ ለምን እንፈራለን?

የምንለው ይህንን ነው። ቆጣሪው ከተወዳዳሪው ይለይ። የተቆጠረው በየጣቢያው ደጃፍ ይለጠፍ። ወረቀቱ ይቀመጥ፤ ቅር ያለው ይቆጠርልኝ ሲል ይቆጠርለት። በየጣቢያው ኮሮጆ ፊት የምትቀመጥ መምህር፣ የምትቀመጪ የቢሮ ጸሐፊ ሆይ፣ ከበላይ ስልክ የሚደወልበት ቀን ለአንተም ለአንቺም ይመጣል። ያን ቀን የሚያስፈልገው ረጅም ንግግር አይደለም። የተሰጠው ይህ ነው፣ ሌላ የለም ማለት ብቻ ነው።

ሕዝብ በቅሎውን ማጣት ይችላል። ጭብጦውን ግን ያለ ፍርድ አትንኩበት!